መሪውን የያዘች እጅ

አርባ ምንጭ የሁለት ሰፈሮች ከተማ ናት። ሲቀላ ከታች በሜዳው፣ ሴቻ ከላይ በከፍታው ላይ ተቀምጠው ይተያያሉ። በመካከላቸው የተዘረጋውን አስፋልት ሁሉም እንደ አቅሙ ይወጣዋል፤ ተማሪው በእግሩ፣ ነጋዴው በባጃጅ፣ ጎረምሳው በቢስክሌት። ከከተማዋ ግርጌ ካለው ጫካ እንጨት ለቅማ የምትመለሰው ሴት ደግሞ ሸክሟን በጀርባዋ አዝላ፣ ወገቧ ጎብጦ፣ መሬት መሬቱን እያየች ትወጣዋለች።

ተወልጄ ወዳደግሁባት ወደዚህች ከተማ ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለ፣ ከዚሁ መንገድ ዳር ቆሜ አንድ ነገር ታዘብሁ። አንዲት ወጣት ላብ እያጠመቃት፣ በቢስክሌት ዳገቱን ተያይዛዋለች። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት መጮኽ ጀመሩ። «ወንዳ ገረድ!» አለ አንዱ። «ቀሚስሽን ሰብስቢ!» አለ ሌላው። ልጅቷ አንገቷን ሳታዞር አለፈች። ጥቂት ቆይቶ ሁለት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከኋላዋ መጡ። ሸክማቸው ከቁመታቸው ይበልጥ ነበር። ስለ እነርሱ ግን ከበረንዳው አንድም ድምፅ አልተሰማም።

የገረመኝ ይህ ጸጥታ ነው። ከእንጨት በታች የጎበጠች ሴት ለዐይናችን እንግዳ አይደለችም፤ ቀና ብላ በራሷ ጉልበት የምትገሠግሥ ሴት ግን እንግዳ ሆነችብን።

ጎረምሶቹን ለመውቀስ ቀዳሚ በሆንሁ ነበር፤ ዳሩ ግን እኔም ከዚያ በረንዳ የራቅሁ ሰው አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ በሴቻ ቢስክሌት በሰዓት እየተከራየን እንነዳ ነበር። በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እኅቴ ከዳር ቆሞ ማየት ሰለቻትና አንድ ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ «ከኋላ ያዝልኝ» ብላ ለመነችኝ። ያዝሁላት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተንገዳገደች በኋላ እጄን ለቀቅሁ፤ መልቀቄንም ሳታውቅ የሜዳውን ግማሽ ያህል ብቻዋን ሄደች። ባወቀች ጊዜ የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ሳቁ ሳያበቃ ግን አክስታችን ደረሰች፤ ከኮርቻው አውርዳ እየጎተተች ወደ ቤት ወሰደቻት። አባታችን ቢስክሌቱን ማን እንደ ሰጣት ሲጠይቅ፣ እኔ «ቀምታኝ ነው» አልሁ። ቅጣቱ በእርሷ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ቢስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም።

አክስቴ የሰጠችው ምክንያት ዛሬም በብዙ ቤት የሚሰጠው ነው፤ ይኸውም ቢስክሌት የልጃገረድን ክብር ያጠፋል የሚል ነው። ይህን ፍርሃት ዕውቀት አይደግፈውም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2011 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ድንግልናን በአካል ምርመራ ማረጋገጥ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቀዋል። ደግሞስ ኮርቻ ክብርን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ፣ አያቶቻችን ሙሽራይቱን በበቅሎ አስቀምጠው ባልወሰዷት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ያን ሁሉ አገር በበቅሎ ባላቋረጡ ነበር። ልዩነቱ ከኮርቻው ላይ አይደለም። እቴጌይቱ ንግሥት ነበሩና ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም። የሙሽራይቱን በቅሎ ልጓም የሚስበው ግን ሌላ ሰው ነበር። ቢስክሌት ላይ የወጣች ሴት መሪውን የምትይዘው ራሷ ናት፤ ወዴት እንደምትታጠፍና የት እንደምትቆም የምትወስነው እርሷው ናት። የተፈራውም ይኸው ይመስለኛል።

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ ነበር ለማለት አይቻልም። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ተሰልፈው በመንገድ ውድድር ቡድናቸው 9ኛ ሲወጣ፣ በኦሊምፒክ የሴቶች የቢስክሌት ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም። በሩ ለሴቶች የተከፈተው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮው ኦሊምፒክ ሰላም አምሃ የኢትዮጵያን መለያ ለብሳ በዚያ በር ገብታለች።

ቢስክሌት የጨንቻን ዳገት ይወጣዋል ብዬ ማንንም አላታልልም፤ የእንጨት ተሸካሚዋንም ችግር መንኰራኩር ብቻውን አያቃልለውም። በሲቀላ ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ለምትመላለስ ሴት ግን በእግር ጉዞ የሚባክነውን ጊዜዋን የሚመልስላት መሣሪያ ነው። የጎደላት መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ሳያፌዝባት የሚያሳልፋት ተመልካችም ነው። ይህን ተመልካች ማረም ከእኛ፣ ከመድረክና ከብዕር ሰዎች፣ መጀመር ይኖርበታል። ቢስክሌት የምትነዳን ሴት ለማሳቂያ ብቻ ወደ መድረክ ያወጣንበት ጊዜ አለና።

ያን ዕለት ማታ ከእኅቴ ቤት ቡና ስንጠጣ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሆዴ የያዝሁትን ነገር አወጣሁት። «እትዬ፣ ያን ቀን ዋሽቼብሻለሁ» አልኋት። ስኒዋን አስቀምጣ ጥቂት ዝም አለች።

«ውሸትህንስ ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። «የኪራዩ ሰዓት ግን ገና አላለቀም ነበር።»