ከቆጵሮስ ደሴት እስከ ሐይቅ ዳርቻ



ከተማሪዎቻችን አንዷ በስልኳ የቆጵሮስን የባሕር ዳርቻ መዝናኛ እያሳየችን «ሙስሊም ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቦታ ሄዶ ምን ይሠራል?» ስትል ጠየቀችን። ሥዕሉ አሸዋ፣ ዣንጥላና ራቁቱን የተጋደመ ሕዝብ ነው። አንድ ቃል ተናግረን ወሬውን መዝጋት እንችል ነበር፤ ግን ቆጵሮስ ለእኛ ባዕድ ደሴት አይደለችም።

ላርናካ ከሚባለው ከተማ አጠገብ፣ በጨው ሐይቅ ዳር፣ አንድ መስጊድ አለ። በዚያ እንዳረፉ የሚነገርላቸው የአነስ ኢብኑ ማሊክ የእናት እኅት ኡሙ ሐራም ቢንት ሚልሐን (ረ.ዐ.) ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው አረፍ ብለው ሲነቁ ፈገግ ማለታቸውን፣ ከኡመታቸው ባሕር ላይ የሚጓዙ ሰዎችን እንዳዩ መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ኡሙ ሐራምም ከእነዚያ ተጓዦች አንዷ እንዲሆኑ ዱዓእ ይደረግላቸው ዘንድ ጠየቁ፤ ተደረገላቸውም። በዑሥማን (ረ.ዐ.) ኺላፋ ዘመን፣ በ28 ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ ከባለቤታቸው ከዑባዳ ኢብኑ ሷሚት ጋር በመርከብ ተሻግረው ከእንስሳ ላይ ወድቀው አለፉ። ዛሬ ወደ ላርናካ የሚወርደው አገር ጎብኚ ሁሉ ይህን ያውቅ ይሆን?

የቆጵሮስ ጉዞ ከአብዛኞቻችን ኪስ በላይ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰብ ግን ውሃ ለማየት አውሮፕላን አያስፈልገውም። ከደሴ በስተሰሜን በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ከዚያ ባጃጅ ይዞ ወደ ዳርቻው መውረድ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ሐይቅንም አዳርሶ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ብልህነት ነው።

እኛ ሦስት ቤተሰብ ሆነን ሱብሒን ሰግደን ተነሳን። አንዳንዱ ወጣት ከደሴ ወጣሁ ብሎ ሶላት ሊያሳጥር ይከጅለዋል፤ 30 ኪሎ ሜትር ግን የመንገደኛ ርቀት አይደለም፤ ዙህር አራት ረከዓ ነው። ቂብላውን መፈለግ አያደክምም። መካ ከእኛ ወሎ ቀጥታ በሰሜን ስለምትገኝ፣ በደቡቡ ዳርቻ የቆመ ሰው ሐይቁን ፊት ለፊት እያየ ይሰግዳል። ያን ዕለት የሰገድነው ሶላት ሁላችንንም ሲያወያየን ሰንብቷል።

ለውዱእ ግን ውሃ በጀሪካን ይዘን ነበር የሄድነው። ምክንያቱም በሐይቅ አካባቢ የብልሃርዝያ በሽታ በተማሪ ልጆች ላይ ታይቷል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሣር የበዛበትን ጥልቀት የሌለውን ዳር ይወዳል፤ ልጆች መንቦራጨቅ የሚወዱትም እዚያው ነው! ራቅ ሲባል ደግሞ ውሃው እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። ዋና መማር በሃይማኖታችን የተወደደ ነገር ቢሆንም፣ ልጆቻችንን በዚያ ውሃ እንዲማሩ አልፈቀድንም። አኮረፉ፤ ኳስ ሲያገኙ ረሱት።

ምሳችን ቆሮሶ ጥብስ ነበር። ይህ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዓሣ ማረጃ ስለማያሻው ከየትኛውም አስጋሪ መግዛት ይቻላል፤ የተጠበሰበትን ዘይትና ድስት መጠየቅ ግን የራስ ፋንታ ነው። በዳርቻው ካሉት መዝናኛዎች አንዱ ጋ ጎራ ብለን ለሴቶች ለብቻቸው የሚሆን ጥግ ጠየቅን። የለም ተባልን፤ በየጠረጴዛው ቢራ ስለነበረም አልቆየንም። ከዛፎች ሥር ሽርጦቻችንን አያይዘን መጋረጃ ሠራን። ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማ የነበረው ሣቅ የወንዶቹን የኳስ ጩኸት የሚያስንቅ ነበር። ሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ የተጣለበት ፌስታል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቆሻሻችንን ጠቅልለን ይዘን ተመለስን።

ቀድሞ ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ከየብስ የተያያዘው መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ ትልቅ የትምህርት ቦታ ነበር። ሴት ስለማይገባበት እኛም ከሩቅ አይተን ጀልባ ተከራየን።

ወንዶቹና ልጆቹ ጀልባውን ሲሞሉት የአንዳችን እናት ከኋላ «እኔንስ?» አሉ።

«እማዬ፣ ትፈሪያለሽ ብለን እኮ ነው» አለ ልጃቸው።

«ማን ነገረህ?»

ሁላችንም አፈርን። እኚህ እናት ሰባ ዓመት ያህል በዚህ አገር ኖረው ሐይቁን ከመኪና መስኮት በቀር ቀርበው አያውቁም። ለካስ ይፈራሉ ያልነው እኛ እንጂ እርሳቸው አልነበሩም! ሦስት ወጣቶች ወረዱ፤ እናቶችና ሴት ልጆች ገቡ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከኩታቸው በላይ አጠለቁላቸው። ጀልባው ሲንቀሳቀስ «ቢስሚላህ» ብለው የጎናቸውን እንጨት ጨበጡ፤ መሐል ሲደርስ ለቀቁት።

ሲመለሱ ባለ ጀልባውን ዋጋውን ጠየቁት። ለዒድ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሴቶቹን ብቻ፣ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውት የስልክ ቁጥሩን እንድንጽፍላቸው አዘዙን። ጻፍንላቸው።