ሦስተኛው ስኒ

ከአዲስ አበባ በወልቂጤ በኩል የግቤን በረሃ አቋርጦ ጅማ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግቤን ከተሻገራችሁ በኋላ አገሩ እየለመለመ ይሄዳል፤ በጥቅምት ከሆነ ደግሞ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ባለፈው ጥቅምት ሰቶ ሰመሮ ወደሚገኘው እህቴ ቤት የሄድኩት ቡና ልጠጣ እንጂ ሽማግሌ ልሆን አልነበረም።

ቤቱ ግን ኩርፊያ ላይ ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያለፈችው የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን በወረቀት ጽፋለች፤ ሐዋሳ አንደኛ፣ ባሕር ዳር ሁለተኛ፣ ጅማ ግን መጨረሻ። አባቷ የአጋሮ ሰው ነው፤ ያስተማራትም በቡና ነው። «ደጃችን ላይ ያለውን ጭራ አደረገችው!» ይላል። እሷ ደግሞ «አክስቴ፣ ዕድሜ ልኬን ጅማ ነኝ፤ ሌላ አገር ልይ እንጂ!» ትላለች።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ከ2014 ዓ.ም ፈተና ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል፤ በዚያ ዓመት ይህን ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እዚህ የደረሰ ልጅ መምረጥ ይገባዋል። የሚመድበው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ውጤቱ ከማለፊያው ብዙም ላልራቀ ልጅ ሦስተኛው ምርጫ የይስሙላ አይደለም፤ ኑሮው ሊሆን ይችላል።

«ሐዋሳን ለምን መረጥሽ?» አልኳት።

«ሐይቅ አለው።»

«ባሕር ዳርስ?»

ሳቀች።

በማግስቱ በባጃጅ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ሄድን። በሩን እንጂ ውስጡን አታውቀውም ነበር። ኮሌጁ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1992 ዓ.ም። ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ ወጥተው ችግሩን ማጥናታቸው የትምህርቱ አካል ነው። ያገኘናት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «የትምህርት ክፍል የሚለየው ከገባሽ በኋላ ነው። የምትፈልጊው ክፍል ከሌለ ጥሩ ውጤት ብታመጪም ምን ያደርግልሻል? ቀድመሽ ጠይቂ» አለቻት። ስለ ድኅረ ምርት አያያዝ የሚያስተምር ክፍል እንዳለ ስትሰማ ልጅቷ ቆም አለች። አባቷ በየዓመቱ ስለ ቡናው አደራረቅ ሲጨነቅ እያየች ነው ያደገችው።

ልጅ ያላችሁ አንባብያን፣ የመጀመሪያውን ምርጫ ብቻ አትመልከቱ። ልጃችሁ ቢመደብበት የሚያለቅስበት ስም በሦስተኛ ተራ አይጻፍ።

ማታ ወረቀቱን እንደገና ጻፈች። ሐዋሳና ባሕር ዳር ከቦታቸው አልተነሱም፤ ግብርና በሁለቱም አለ። ጅማ ከመጨረሻ ወደ ሦስተኛ ወጣ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ምክንያቷን አስፍራለች፤ ስለ ሐይቅ የሚያወራ አንድም የለም።

አባቷ አንብቦ ዝም አለ። አቦሉ ተጠጣ፤ ቶናው ተጠጣ። እህቴ ሦስተኛውን ስኒ ስታቀርብለት ወረቀቱን ለልጁ መለሰላትና «ይሁን» አለ፤ «በረካውም ሦስተኛው ነው።»