ሆሳዕና ወይስ ዱራሜ? የመጨረሻዋን የበዓል ቀን ስለ መምረጥ

አንባቢ ሆይ፤ የዕረፍት ጊዜ ሲጀመር ሰፊ መስሎ ይታያል። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ድካም፣ ሁለተኛው በግብዣ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዘመድ በመጠየቅ ያልፋል። ሰው የሚነቃው አንዲት ቀን ብቻ ስትቀረው ነው። ያን ጊዜ የቀረችው ቀን ከሁሉ የተወደደች ትሆናለች፤ ክርክሩም ይነሣል። አንዱ «እዚሁ እንዋል» ይላል፤ ሌላው «ያንን ሳላይ አልመለስም» ይላል።

ይህ ክርክር በየዓመቱ ከሚሰማባቸው አገሮች አንዱ የሀዲያና የከምባታ ምድር ነው። በመስከረም አጋማሽ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ያከብራል፤ ሁለቱም የአዲስ ዓመት በዓላት ናቸው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይጥላሉ፤ በየከተማው የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ይገባል። እንግዲህ እርስዎም በዚያ ሰሞን ወርደው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ አንዲት ቀን ቀርታዎታል እንበል። ሆሳዕና ይዋሉ ወይስ ዱራሜ ይሂዱ?

በሆሳዕና እንጀምር። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች ማለዳዋ ካፖርት ያስለብሳል። ስሟ ከትንሣኤ በፊት ከሚውለው ከሆሳዕና በዓል የመጣ ነው፤ ጥንት የምትጠራበት ዋቸሞ የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ ይጠራበታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም ዋና መቀመጫው ሆናለች።

በሆሳዕና አንድ ቀን የሚውል ሰው የሚያየው ከሁሉ በፊት ሕዝቡን ነው። ባጃጆቹ ሲሽቀዳደሙ፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ሲጎርፍ፣ በገበያው ቅቤው፣ ስንዴውና ቡላው ሲመዘን ይውላል። ስለ እግር ኳስ ማውራት ከወደዱም ሀዲያ ሆሳዕና የተባለውን ቡድን ስም መጥራት ይበቃል፤ ወዳጅ ለማፍራት ሌላ ዘዴ አያስፈልግዎትም። ታሪክ ወዳድ ከሆኑ ደግሞ የሆስፒታሉን ስም ልብ ይበሉ። በንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመ ነው። እሌኒ የሀዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ስትሆን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አግብታ፣ ኋላም በልብነ ድንግል ሕፃንነት ዘመን መንግሥቱን በብልኀት የመራችና ወደ ፖርቱጋል መልክተኛ የላከች ሴት ናት።

ምሳዎን ሳይበሉ ግን ከሆሳዕና አይውጡ። አታካና የሚባለው የሀዲያ የክብር ምግብ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ነው። ቡላ የእንሰት ምርጡ ክፍል ነው። ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ፍቀው፣ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ ከሚጨመቀው ውሃ ሥር ነጩ ዱቄት ሲረጋ ያወጡታል፤ የቀረው ጉድጓድ ገብቶ እየተብላላ ቆጮ ይሆናል። እንሰቱ ለዚህ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ አታካና የቀረበልዎ እንግዳ፣ የአንዲት እናት የዓመታት ጥበቃና የብዙ ቀን ድካም እንደ ቀረበልዎ ይወቁ።

ወደ ዱራሜ እንሻገር። መንገዱ ከሆሳዕና ወደ ደቡብ በአንጋጫ በኩል ይወስዳል። ማሳው እየጠበበ፣ ቤቱ እየበዛ፣ እንሰቱ እየጠነከረ ሲሄድ ከምባታ መግባትዎን ያውቃሉ፤ በአገራችን ሰው በብዛት ከሰፈረባቸው የገጠር ምድሮች አንዱ ይህ ነውና። ቋንቋውም ተለወጠ ሲባል ፈጽሞ አይለይም። ሀዲያውም ከምባታውም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ለማለት «ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ» ይላል። ቋንቋዎቹ እኅትማማቾች ናቸው፤ አንዱን የሰማ ጆሮ ለሌላው ባዳ አይሆንም።

ዱራሜ ከሆሳዕና ያነሰች፣ ረጋ ያለች ከተማ ናት፤ የከምባታ ዞን መቀመጫ ናት። ሰው ግን ወደ ዱራሜ የሚሄደው ለከተማይቱ ብቻ ሳይሆን በአናቷ ላይ ለቆመው ለሐምበሪቾ ተራራ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በከምባታ የአፍ ታሪክ በዚህ ተራራ የሰፈሩት ሰባት ነገዶች «ሐምበሪቾ ላማላ» ይባላሉ፤ ላማላ ማለት ሰባት ነው። በዘመናችንም ወደ ጫፉ የሚያወጣ ደረጃ ተሠርቷል፤ ቁጥሩ 777 ነው። ሰባት ቁጥር እዚህ እንዲያው የመጣ አይደለም።

ደረጃውን ሲወጡ አይቸኩሉ። አየሩ ይሳሳል፤ ጉልበት ይለግማል፤ የአገሩ ልጆች ግን እየሮጡ ያልፉዎታል። ከላይ ሆነው ሲመለከቱ የሰነበቱበትን አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ የጎጆውን ክብ፣ በዙሪያው የቆመውን እንሰት፣ ከዚያ ወዲያ የተቆራረጠውን ማሳ። አንድ ቤተ ሰብ በስንት ጋት መሬት ላይ እንደሚኖር ከታች ሆኖ የነገሩት ሰው ላያምን ይችላል፤ ከሐምበሪቾ ላይ ያየ ግን ማስረጃ አይጠይቅም። የዚህ አገር ወጣት ለምን እንደሚሰደድም ያን ጊዜ ይገባዋል።

«ጧት ዱራሜ፣ ከሰዓት ሆሳዕና ብልስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ተራራውን በጥድፊያ የወጣ ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ገበያው ሲደርስም ገበያው ተፈቷል። የመጨረሻዋን ቀን ለሁለት የከፈለ ሰው ይዞ የሚመለሰው የመኪና ወንበር ትዝታ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። እንግዳ ከሆኑ፣ ወደዚህ አገር ሲመጡም የመጀመሪያዎ ከሆነ፣ ቀኒቱን ለዱራሜ ይስጡ። ሆሳዕና ሲገቡም ሲወጡም መንገድዎ ላይ ናት፤ ሐምበሪቾ ግን ፈልጎ ለሄደ ብቻ የሚገኝ ነው። ሌሊት ዘንቦ ተራራው ጉም ከለበሰ ግን አይከራከሩት፤ በሆሳዕና ገበያ ይዋሉ። ዋናው ገበያ የሚቆምበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ።

የአገሩ ልጅ ከሆኑ ግን፣ ይልቁንም ከሩቅ የመጡ ከሆነ፣ ምክራችን ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከሀዲያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። አንዳንዱ በአውሮፕላን፣ ብዙው በየብስ በብዙ መከራ ሄዷል፤ በመንገድ የቀረም አለ። በሁለቱ ከተሞች የሚታየው ፎቅና ሆቴል ከፊሉ የእነዚህ ልጆች ላብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለበዓል ሲመጣ የመመለሻውን ቲኬት በኪሱ ይዞ ነው፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚመጣ እሱም፣ እናቱም አያውቁም። እናቲቱ ግን ቀኖቹን አንድ በአንድ ትቈጥራለች።

ይህ ሰው እርስዎ ከሆኑ፣ የመጨረሻዋ ቀን የእርስዎ አይደለችም። ጓደኞችዎ ተራራ እንውጣ ቢሉዎ በሌላ ቀን ይውጡ፤ ከተማ እንውረድ ቢሉዎም ትናንት በቅቷል ይበሉ። ሆሳዕናም ዱራሜም በቦታቸው ይቈያሉ፤ ሽማግሌ ወላጅ ግን እንደ ከተማ አይጠብቅም። ቡላው ሲቋጠር፣ ቅቤው በቅል ሲታሰር፣ «ይህን ያዝ፣ ይህን አትርሳ» ሲባል እዚያው ምድጃው አጠገብ ይቀመጡ። ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ ይኑር።

ለሁሉም አንድ ምክር እንጨምር። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዱራሜ ውሎም ቢሆን ማታውን ሆሳዕና ገብቶ ይደር፤ ጎሕ ሲቀድም መናኸሪያ ይገኝ። በበዓል ማግስት ተሳፋሪው ብዙ፣ ወንበሩ ጥቂት ነውና።

መልካም በዓል፤ መልካም መንገድ።