የሚለዋወጥ ሌንስና የጎልማሶች ዐይን



በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሌንስ በተማርን ሰሞን አንድ ጥያቄ በአእምሮዬ ተቀርጾ ቀረ። የመስተዋት ሌንስ አንዴ ተሞርዶ ካለቀ በኋላ የትኩረት ርቀቱ አይለወጥም። ታዲያ ዐይናችን ቅርቡንም ሩቁንም እንዴት ያያል? ይህን ስከታተል ነው በኤሌክትሪክ ትኩረቱን ስለሚለውጥ ሌንስ ያነበብኩት።

ጉዳዩ ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አልነበረም። አክስቴ ዕድሜዋ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ማታ ትምህርት ገባች። ማዶ የሚሄደውን ሰው በአካሄዱ ትለያለች፤ ደብተር ላይ ያለው ፊደል ግን ይደበዝዝባታል። «ተወው ልጄ፣ ያረጀ ጭንቅላት ፊደል አይቀበልም» ብላ ልታቆም ደርሳ ነበር። በኋላ የማንበቢያ መነጽር ከገበያ ተገዛላትና ደብተሩን አየች። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ቀና ብላ ሰሌዳውን ስታይ ይደበዝዛል። አንዴ ስታወልቅ፣ አንዴ ስታጠልቅ ትምህርቱ ያመልጣታል።

ነገሩ የጭንቅላት አይደለም። በልጅነት የዐይን ሌንስ ለስላሳ ስለሆነ፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲኮማተር ሌንሱ ወፈር ይልና ቅርቡ ይታያል። ከአርባ ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ሌንሱ እየደረቀ ስለሚሄድ ቅርጹ እንደ ልብ አይለወጥም። መነጽሩ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ዳሩ ግን ለተወሰነ ርቀት ብቻ ነው።

የሚለዋወጠው ሌንስ የሚሠራው ከፈሳሽ ክሪስታል ነው። ፍሬድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1888 እ.ኤ.አ. አንድ ቁስ በ145 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ደፍራሽ ሲሆን፣ በ178 ዲግሪ ገደማ ደግሞ ጥርት ሲል ተመለከተ። ደፍራሹ እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት አላቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ሱሱሙ ሳቶ በዚህ ዓይነት ቁስ ትኩረቱ የሚለወጥ ሌንስ አቀረበ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሁለት ስስ መስተዋቶች መካከል ፈሳሽ ክሪስታሉ ይሞላል። ሞለኪውሎቹ እንደ ጭራሮ ረዘም ያሉ ሲሆኑ በአንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቀና ይላሉ። ኃይሉ ጠርዝ ላይ በርትቶ መሃል ላይ ከላላ፣ የጠርዞቹ ይቆማሉ፣ የመሃሎቹ እንደተኙ ይቀራሉ። በተኙት ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይበልጥ ስለሚዘገይ፣ ጠፍጣፋው ነገር መሃሉ እንደወፈረ ሌንስ ብርሃን ይሰበስባል። ቮልቴጁ ሲለወጥ ትኩረቱም ይለወጣል።

ታዲያ ለምን በየገበያው አይሸጥም? እስቲ እናስላ። የትኩረት ርቀቱ የሚገኘው የሌንሱን ራዲየስ ስኩዌር፣ ለሽፋኑ ውፍረትና ለስብረት መጠን ልዩነቱ ብዜት እጥፍ በማካፈል ነው። ራዲየሱ 1 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ልዩነቱ 0.2 ቢሆን ውጤቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግሩም! ለመነጽር እንዲሆን ራዲየሱን 10 ሚሊ ሜትር ብናደርገው ግን 5 ሜትር ይሆናል። ለንባብ የምንፈልገው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሽፋኑን አሥር እጥፍ ብናወፍረው እናገኘዋለን፤ ነገር ግን ሞለኪውሎቹ ወደ ቦታቸው ለመመለስ የሚፈጅባቸው ጊዜ መቶ እጥፍ ይሆናል።

ፖሊመር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከፈሳሽ ክሪስታሉ ጋር ጥቂት የፖሊመር ጥሬ ዕቃ ተቀላቅሎ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መረብ ይጠነክራል። መረቡ ሞለኪውሎቹን ይዞ ቶሎ ይመልሳቸዋል። ምን ይደረግ፣ እሱም በነጻ አይደለም፤ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል።

እንግዲህ ብዙ የሠለጠኑ ሰዎች በስንት ድካም የሚሠሩትን፣ የሕፃን ዐይን ሳያስበው ይሠራዋል። የጎልማሳው ዐይን ይህን ችሎታ ቢያጣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ጎልማሶችን ስናስተምር፣ ደብተሩን ክንዱን ዘርግቶ አርቆ የሚይዝ ሰው ብናይ «አይገባውም» ከማለታችን በፊት ዐይኑን እንጠይቅ። ብርሃን ወዳለበት እናስቀምጠው፣ ሰሌዳ ላይ ጎላ አድርገን እንጻፍ፣ የዐይን ምርመራ እንዲያደርግም እንምከረው። ተራ መነጽር እንኳ አንድን ተማሪ ከማቋረጥ ያድናል።