አቅራቢ መነጽር

የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሐሰተኛውን ብር ከእውነተኛው የሚለየው አስቀድሞ በጣቱ ነው፤ ዓይን ቀጥሎ ይመጣል። እኔም ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጬ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ጣቴን ለዚህ አሠልጥኛለሁ። ለ4 ዓመት ልጄ መጫወቻ ልገዛ የወጣሁ ዕለት ግን ጣቴንም ዓይኔንም ቤት ትቻቸው ነበር የሄድኩት።

ወሩ ሰኔ ነበር። ሰኔ ለባንክ ሠራተኛ የሒሳብ መዝጊያ ወር ነው፤ ልጄ ሳይነቃ እወጣለሁ፣ ከተኛ በኋላ እገባለሁ። የሕሊናዬን ወቀሳ ልደልል ብዬ አንድ እሑድ መርካቶ ወረድኩና ከተደረደሩት መጫወቻዎች መካከል ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አነሣሁ። ቀይና ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ርካሽ ነበር። ሳላገላብጠው ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ሌሊት የልጄን ብርድ ልብስ ላስተካክል ስጎነበስ ከትራሱ ሥር አንድ ነገር እጄን ቧጠጠኝ። ከመካከሉ ለሁለት የተከፈለው መነጽር ነበር። ለእኔም ለእናቱም አልነገረም። አባቱ የሰጠውን መስበሩን እንደ ጥፋት ቆጥሮ፣ ጥፋቱን ትራሱ ሥር ሸሽጎ ተኝቷል። ስብራቱን መብራት ላይ ይዤ አየሁት፤ ሁለቱን ቱቦዎች አያይዟቸው የነበረው ጠብታ ሙጫ ብቻ ነው። ጥፋቱ የልጄ አልነበረም፤ ሳያይ የገዛው የእኔ ነበር። በማግስቱ በገንዘብ ገቢ ማድረጊያ ቅጽ ጀርባ ላይ እነዚህን ሁለት ስንኞች ጻፍኩ፦

ሩቁን እንድታይበት መነጽር ሰጠሁህ፤
ከቅርብህ ሆኜ ግን መቼ እኔ አየሁህ?

ግጥም ግን መነጽር አይጠግንም። ክረምቱ ሲወጣ ሁለተኛውን ልገዛ ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ጣቴም አብሮኝ ነበር።

አስቀድሜ የዳሰስኩት ማጠፊያውን ነው፤ የፊተኛው የከዳን እዚያ ላይ ነበርና። በሙጫ ሳይሆን በብሎን የታሰረ፣ ሲከፈትና ሲታጠፍ የማይወላለቅ ፈለግሁ። የሕፃን ዓይኖች ከእኛ ይልቅ የተቀራረቡ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቱቦዎች በደንብ የማይጠጉ ከሆነ ልጁ በአንድ ዓይኑ ብቻ ሲታገል ይውላል። አካሉ በጎማ ከተለበጠ መውደቅን ይችላል፤ ዓይን የሚነካው ጫፍም ለስላሳ ይሆናል። ለዚህ ዕድሜ ከመስታወት ይልቅ የማይሰባበር ፕላስቲክ ይመረጣል። ሻጩ 10 እጥፍ የሚያቀርበውን ሊያስመርጠኝ ሞከረ፤ ነገር ግን እጥፉ በበዛ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል፤ ለትንሽ እጅ 3 ወይም 4 እጥፍ ይበቃል። የአንገት ማንጠልጠያው ሲጎተት በራሱ የሚፈታ ስላልነበር እዚያው አስቆረጥኩት፤ ገመድ በሕፃን አንገት ላይ መጫወቻ አይደለም። ፀሐይን በመነጽሩ እንዳያይም ቃል አስገባሁት፤ ዓይንን ያቃጥላልና። የ4 ዓመት ልጅ ቃል ብቻውን ስለማይበቃም ከቤት ውጭ ሲይዘው ከአጠገቡ ላልለይ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ዋጋው ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ነበር። ከፍዬ ስሰጠው ግን ልጄ እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ቢሰበርስ አባዬ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። መነጽሩን ከደረቴ ከፍታ ለቀቅኩት። ሲሚንቶው ላይ ነጥሮ ተንከባለለ። ልጄ አነሣው፣ አገላበጠው፤ ከዚያም እርሱ ራሱ ጣለውና ሳቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለልጅ ጠንካራ መጫወቻ መምረጥ ገንዘብ መቆጠብ ብቻ አይደለም፤ ያለ ፍርሃት እንዲጥል ፈቃድ መስጠትም ነው።

አሁን እሑድ እሑድ በረንዳ ላይ አብረን እንቀመጣለን። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ቆርቆሮ ላይ ቁራ አርፎ ነበር።

«አባዬ፣ ከኋላው ነጭ አለው!» አለኝ።

መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ያ ትልቅ ምንቃር ያለው የደጋችን ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጩኸቱን እየሰማሁ የኖርኩትን ወፍ ልጄ አሳየኝ።

መነጽሩ ጎንና ጎኑ ተጫጭሯል። ማታ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል አሁንም እጄን ከትራሱ ሥር እሰድዳለሁ። ምንም የለም።