ዳይሬክት ይደረግ?

ከማርሹ ፊት ለፊት አንዲት ክብ ቀዳዳ አለች፤ ስሟ “የሲጋራ መለኮሻ” ነው። ዛሬ ሲጋራ የሚለኩስባት ብዙም አይታይም፤ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ላይማ መለኮሻው ቀርቶ ክዳን ብቻ ነው ያለው። ሥራው ሞቶ ስሙ መኖሩ በቋንቋ የተለመደ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለኖርኩት ለእኔ ግን ዛሬም ይገርመኛል። ብቻ ቀዳዳዋ ሥራ አልፈታችም። ስልክ ትሞላለች፣ የጎማ መንፊያ ታንቀሳቅሳለች። በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት መኪኖች እንኳ አብዛኞቹ፣ ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ፣ ለእሷና ለመሰሎቿ የ12 ቮልት መስመር አላቸው።

የእኔዋ ዝም ያለችው እናቴን ለሕክምና ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሳመጣ ነው። ሸኖን እንዳለፍን ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ቻርጀሩን ብሰካው፣ ብነቅለው፣ መልሼ ብሰካው ምንም! እናቴ “ወንድምህ ደውሎ ቢያጣን ምን ይላል?” እያለች ሰንዳፋ ደረስን። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን ታማሚ ይዞ መንገድ ላይ ላለ ሰው ትንሽ የሚባል ነገር የለም።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ባለሙያው የፊዩዝ ሳጥኑን ከፍቶ የተቃጠለውን ሰማያዊ ፊዩዝ አሳየኝ፤ 15 አምፔር። አዲስ አስገባ። ቻርጀሩን ስንሰካ እሱም ወዲያው ተቃጠለ።

“ጋሼ፣ ይሄ ፊዩዝ አይችልም። ሠላሳ ላግባልዎት?”

“ለምን ተቃጠለ?”

“ፊዩዝ አይደል? ይቃጠላል! ካልሆነ ዳይሬክት ላድርግልዎት፤ ሁለተኛ አያስቸግርዎትም።”

አመስግኜ ወጣሁ። ያስፈራኝ ያ “ሁለተኛ አያስቸግርዎትም” የሚለው ነው። ፊዩዝ እኮ ሆን ተብሎ ቀጭን የተደረገ ብረት ነው። ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀድሞ ይቀልጥና መስመሩን ይቆርጣል። ሽቦው ለ15 ተመጥኖ ሳለ 30 ቢገባበት ፊዩዙ ይችል ይሆናል፤ የማይችለው ሽቦው ነው። እሱ ደግሞ የተዘረጋው ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በፕላስቲክና በምንጣፍ መሀል ነው። ዳይሬክት ከተደረገማ ጭራሽ የሚያስቆመው የለም። እናቴ የምትቀመጠው ከዚያ ሽቦ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ገና ወጣት ልጅ ነው። ምንም ሳይነካ ጠየቀኝ፤ “ጋሼ፣ ቻርጀሩን ሌላ መኪና ላይ ሞክረውታል? ቁልፉንስ አዙረውት ነበር?” በብዙ መኪኖች ላይ ቁልፉ አንድ ደረጃ ካልዞረ ቀዳዳዋ ኤሌክትሪክ አታገኝም። ሁለቱንም አዎ አልኩት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታና በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

“ይኸውልዎት!”

ከአንድ ርካሽ ቻርጀር የተነቀለ ጫፍ ነው፤ የጥፍር ያህል ብረት። የቀዳዳዋ መሀል ፖዘቲቭ፣ ግድግዳዋ ኔጌቲቭ ነው፤ ቻርጀር በተሰካ ቁጥር ብረቱ እየተገፋ ሁለቱን ያገናኛል። ልጁ በፒንሳ አወጣው፣ 15 አምፔር ፊዩዝ አስገባ፣ ባትሪውን መልሶ አሰረ፤ ሠራ። ፊዩዙ የማኪያቶ ዋጋ እንኳ አላወጣም። ሁለቱ ፊዩዞች የተቃጠሉት ደካማ ስለነበሩ አልነበረም፤ ሥራቸውን ስለሠሩ ነው።

የመጀመሪያውን ባለሙያ ብቻውን ግን አልወቅሰውም። ዳይሬክት ማድረግን ያስተማረው ገበያው ነው። ደንበኛው ይቸኩላል፤ ምክንያቱን ፈልጎ ለሚያጠፋው ጊዜ መክፈል አይወድም፤ ቶሎ ላበራለት ግን ይከፍላል። በቆጣሪው ፊዩዝ ምትክ የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞበት “መብራት መጣ!” ተብሎ እልል የተባለበት ስንት ግቢ አለ? መሥሪያ ቤቶቻችንስ ቢሆኑ? “ይሄ ሂሳብ ልክ አይደለም” ያለችው ሠራተኛ አስቸጋሪ ተብላ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች፤ በወንበሯ “ችግር የለም” የሚል ሰው ይቀመጣል። 30 አምፔር ገባ ማለት ነው። ሰውየው ብዙ ይችላል፤ ሂሳቡ ግን ያው ነው፤ ግለቱም ወደ ውስጥ ይሄዳል። ቤት ውስጥም ቶሎ የምታለቅሰዋ ልጅ “ሆደ ባሻ” ትባላለች እንጂ ምን እንዳገኛት የሚጠይቃት ጥቂት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሚናገረውን ዝም ማሰኘትም ያው መደበቅ ነው።

ስለዚህ ፊዩዝ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት አምፔር ላስገባ?” ሳይሆን “ምን አቃጠለው?” ነው። መልሱ እስኪገኝ ቀዳዳዋን መተው፣ ስልኩንም ቤት ሞልቶ መውጣት ይቻላል።