ፍራሽና አልጋ

ኪሌሌሽዋ የምንኖር ሐበሾች መሃል ናይሮቢ የምንወርደው ጉዳይ ሲያስገድደን ብቻ ነው። ለሸመታማ ማን ይወርዳል? ያያ ሴንተር እዚሁ ነው፣ ቫሊ አርኬድ እዚሁ ነው። ባለጓሮ ቪላዎቹ ፈርሰው አፓርትመንት ሲሆኑ፣ ሱቁም እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ሰው ወደ በዛበት መጣ።

ድሮ መሃል ከተማ ሱቅ መሄድ ለብሶ መውጣት ነበር ይላሉ የቆዩት። በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዌስትላንድስ ላይ ሳሪት ሴንተር ሲከፈት ነው ባለመኪናው ፊቱን ማዞር የጀመረው። ፓርኪንግ ካለበት ማን ንቅንቅ ይላል?

እኔን የሚገርመኝ ግን የትልልቆቹ ሱቆች አነሳስ ነው። የብዙዎቹን የናይሮቢ ሱፐርማርኬቶች ዘር ብትቆጥሩ ከአንድ አውራጃ አትወጡም፤ ከናኩሩ። ከዚህ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናኩማት የሚለው ስም ራሱ ናኩሩ ማትረስ ከሚለው ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ፍራሽ ቤት ነበራ። ተቀናቃኙ ተስኪስም ሕጋዊ ስሙ ተስከር ማትረስስ ነበር፤ እሱም ፍራሽ። ናይቫስ የተነሣው ከዚያው ናኩሩ አጠገብ ካለች ሮንጋይ ከምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ የናይቫስና የተስኪስ መሥራቾች ወንድማማቾች ናቸው። ክዊክማርት ደግሞ በ2006 እዚያው ናኩሩ ተወለደ። ለምን ፍራሽ? ሲመስለኝ፣ ገበሬው እህሉን ሲሸጥ፣ ልጅ ሲድር፣ ተማሪ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲልክ መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ስለሆነ ነው። ፍራሽ የገዛ ደግሞ አንሶላ ይፈልጋል፤ አንሶላ የገዛ ሳሙና ይፈልጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሱፐርማርኬት ይሆናል።

ከዚህ ዘር ውጭ ከሆኑት አንዱ ኡቹሚ ነው፤ በ1975 መንግሥት ያቋቋመው። አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች የመንግሥት ሱቅ ሲባል ትዝ የሚለን የቀበሌ ሱቅ፣ ኩፖንና የስኳር ሰልፍ ነው። ኡቹሚ ግን የተከበረ ስም ነበረው። እሱም በ2006 ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ፣ ዑጋንዳና ታንዛኒያ ገብቶ በ2015 ከሁለቱም ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አለ እየተባለ የማይታይ ዘመድ ሆነ።

የናኩማት ግን ሌላ ነው። ዝሆን አርማው የነበረ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ፣ በአራት አገር ከ60 በላይ ቅርንጫፍ የነበረው ሱቅ ነው። መከራም አይቷል። በ2009 መሃል ከተማ የነበረው ቅርንጫፉ ተቃጥሎ ሰዎች አለቁ፤ በ2013 ታጣቂዎች ዌስትጌት ሞልን ሲያጠቁ የሕንፃው ዋና ተከራይ እሱ ነበር። እሳቱም ጥይቱም ግን አልገደሉትም። የገደለው ዱቤ ነው። አዲስ ሞል በተሠራ ቁጥር ቅርንጫፍ ይከፍታል፤ ዕቃውን ከአቅራቢ በዱቤ ይወስዳል፤ እኛ በካሽ እንገዛለን፤ የሰበሰበው ገንዘብ ለአቅራቢው ከመመለሱ በፊት የሚቀጥለው ቅርንጫፍ ይከፈትበታል። አቅራቢዎቹ መጠበቅ ሲሰለቻቸው ማድረስ አቆሙ፣ በ2017 መደርደሪያው ባዶ ሆነ። በጥር 2020 አበዳሪዎቹ ተሰብስበው ይዘጋ ብለው ድምፅ ሲሰጡ ዕዳው ከ30 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ነበር። ተስኪስም ብዙ አልቆየ፤ ወራሾቹ ወንድማማቾች አስቀድመው ፍርድ ቤት ተካስሰው ነበርና በዚያው መንገድ ሄደ። ግቢያችን በር ላይ ያለችው ባለኪዮስክ እኔን ለወር መጨረሻ ዱቤ ስትመዘግብልኝ እነዚህ ባለዝሆኖች ደግሞ ወተት ከሚያቀርብላቸው ሰው ዱቤ ይለምኑ እንደነበር ሳስበው ያስቀኛል።

ታዲያ መሃል ከተማው ባዶ ቀረ? የለም። ሞይ አቬኑና ሪቨር ሮድ ዛሬ ከመርካቶ ያልተናነሰ ይተራመሳሉ። ትልልቆቹ ሱቆች በእንጨትና በመስታወት ተሸንሽነው እያንዳንዱ ክፋይ እጅ ሲዘረጉ ግድግዳ የሚነካበት ሱቅ ሆኗል፤ ናይሮቢዎች «ኤግዚቢሽን» ይሉታል። የዚህ አሠራር ፈለግ ደግሞ ወደ ኢስሊ ይወስዳል፤ ጤፍና በርበሬ ልንገዛ ወደምንሄድበት የናይሮቢ ሰፈር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ነጋዴዎች ጋሪሳ ሎጅ በምትባል የአልጋ ቤት ክፍል ተከራዩ። ሌሊት ይተኙበታል፤ ቀን አልጋው ላይ ጨርቅና ልብስ ዘርግተው ይሸጡበታል፤ የተረፈው ዕቃ አልጋው ሥር ይገባል። ንግዱ ሲደራ እንቅልፉ ቀረ፣ ክፍሎቹ ሱቅ ብቻ ሆኑ፣ ኢስሊም በሞል ተሞላች። ፍራሽ ሻጮቹ ያነሡትን ከተማ በመጨረሻ የወረሱት ባለአልጋዎቹ ናቸው።

ይህን ስል ፍራሽ ቤቱ ዘሩ ጠፋ ማለቴ አይደለም። ናይቫስ የናኩማትን የተወሰኑ ቦታዎች ወርሶ ዛሬ ከ100 በላይ ቅርንጫፍ አለው። እንደማየው ከሆነ ከጎረቤቱ ሞት ትምህርት ወስዷል፤ በ2022 የሞሪሸስ ኩባንያ ያለበት ቡድን ገብቶ 40 በመቶውን ገዝቶታል።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ዘይትና ፓስታ በጅምላ ያከፋፍላል። በ2024 መንግሥት የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ሲከፍት ደወለልኝ።

«ትልልቆቹ ሊመጡ ነው አሉ። ዕቃ ባቀርብላቸውስ?»

«አቅርብ፤ ግን በካሽ» አልኩት፣ የናኩማትንም ነገር ከነዕዳው ዘረዘርኩለት።

«መርካቶም እኮ በዱቤ ነው የሚሠራው።»

«ነው፤ አንተ ግን የተበዳሪህን ቤት ታውቃለህ፣ ዕድሩንም ታውቃለህ።»

ትንሽ ዝም አለና ጠየቀኝ፦ «የናኩማት ዕድር የት ነበር?»